አሥራ ሁለት ችካል

ሚፍታን የወደድኩት ባጃጅ ውስጥ ነው። ዝናብ ሲመታኝ አይቶ ዳር ያለውን ቦታ ራሱ ያዘና እኔን ወደ ውስጥ አስጠጋኝ። ለዚህ ሰው እምቢ የምልበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሠርጋችን ሲቃረብ አባቱ ኦቦ ቱሳ ከአሰላ በላይ ካለው ተዳፋት መሬታቸው ቆርሰው ለቤት መሥሪያ ሰጡን። የብረት በር እንኳ ቀድመው አሠርተዋል። ቦታውን ልናይ የወጣን ዕለት ዓይኔ ባሕር ዛፎቹ ላይ ቀረ። ሁሉም ከግርጌያቸው ወደ ቁልቁለቱ አዘንብለዋል። ሣሩ መሃል ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ሥራዬ የአፈር ምርመራ ነው፤ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ኦቦ ቱሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መሬቱ እየተንሸራተተ ይመስለኛል። አንድ ክረምት እንየው።»

«አባቴ ያረሰው መሬት ነው፤ የት ይሄዳል?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

መሬቱ ከተንቀሳቀሰ ከመስመራቸው ወጥተው እንዲያሳዩን፣ እኔና ሚፍታ አሥራ ሁለት ችካል በአንድ መስመር ተከልን፤ ስድስቱን ተዳፋቱ ላይ፣ ስድስቱን ወደ ጎን፣ ቋጥኝ ባለበት በኩል። የመጨረሻውን መትቶ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ ሙቢና። ያልወደድሽው መሬቱን ነው ወይስ እኔን?»

ደነገጥኩ። መልሴን ሳይጠብቅ ጥሎኝ ወረደ።

ሠርጉ ተላለፈ። ክረምቱን ሙሉ ሚፍታ አልደወለም፤ እኔም ኮራሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን በደበደበ ቁጥር ግን «መሬቱ ባይነቃነቅስ? በከንቱ አጣሁት ማለት ነው» እል ነበር።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ደጃችን ቆሞ አገኘሁት። ጭቃ የነካው ደብተር ይዟል። ለካ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ እየወጣ ችካሎቹን ሲለካ ከርሟል።

«የተዳፋቱ ስንዝር ሙሉ ወርደዋል» አለኝ። «በቋጥኙ በኩል ካሉት አንዱም አልተነቃነቀም። ወላሂ ሙቢና፣ እዚያ ላይ ልንተኛ ነበር እኮ!»

«አልሐምዱሊላህ» ብዬ አለቀስኩ። ከሦስት ወር በኋላ ገና መተንፈሴ ነበር።

«ለምን አልደወልክም?»

«መጀመሪያ ተናድጄ። ኋላ ደግሞ አፍሬ።»

ተያይዘን ወጣን። ኦቦ ቱሳ ቋጥኙ አጠገብ ቆመው ጠበቁን።

«ልጄ፣ ልክ ነበርሽ። በሩን ወደዚህ አምጥቼዋለሁ» አሉኝ።

በሩ ቋጥኙን ተደግፎ ቆሟል፤ ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ። ሚፍታ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው።

«ቤቱ እስኪደርስ አንቺ ያዥው።»

ዛሬ ቤቱ አልቆ እየኖርንበትም ቁልፉ እኔው ጋ ነው። ሚፍታ ከሥራ ቀድሞኝ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።