አባዬ የሚያውቃቸው ካርዶች

«መ…» አለች ሬዲዮ ከንፈሯን ገጥማ።

አባቷ ካርዱ ላይ ያለውን የመቀስ ሥዕል ትቶ አፏን አፏን አየ። «መ… መ…» አለ። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው መቀስን ምን እንደሚሉት ጠፋው።

ሬዲዮ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ወሬ ስለማይደክማት። አሁን ለሁለቱም የምታወራው እሷ ሆናለች። የያዘው የአንጎል በሽታ ቃላቱን አንድ በአንድ እየወሰደበት ነው። እሱን የምታክመው የንግግር ሐኪም አልደበቀቻቸውም። «የሄደው አይመለስም። የቤት ልምምዱ የቀረውን ትንሽ እንዲያቆይለት ነው። አምስት ቀን በተከታታይ ማንም ሳይረዳው የጠራውን ካርድ እዚህ ፖስታ ውስጥ ክተቱት፤ እሱን ያውቀዋል፣ በሌላ ተኩት።»

ሬዲዮ ግን ሲጨንቀው ማየት አልቻለችም። የመጀመሪያውን ድምፅ ሹክ ትለውና የልምምድ ወረቀቱ ላይ ራይት ታደርግለታለች። ምን ችግር አለው? እናቷ ወረቀቱን ባየች ቁጥር ፊቷ ይፈካል። ፖስታውም ወፈረ።

ዛሬ ሹክሹክታውም አልሠራም። ሬዲዮ ደነገጠችና ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሠላሳ አንድ ካርድ። አፏን በደብተር ከልላ አንድ በአንድ አሳየችው።

ማንኪያ። አልጠራውም፤ አፏን ፈለገ። ቁልፍ። እሱንም አልጠራውም። የበሩ ካርድ ላይ ሲደርስ «ይሄ… እንትን» አለና ሳቀ። የድሮ ሳቁ ነበር፤ ግን ቶሎ ቆመ። በስተመጨረሻ ውሃንና ዳቦን ብቻ ጠራ።

እነዚህን ቃላት ፖስታው ውስጥ ከገቡ ወዲህ፣ አንዳንዶቹን ሁለት ወር ሙሉ፣ ማንም አላለማመደውም። ከልምምድ ያስወጣቻቸው እሷ ናት፣ በገዛ ራይቷ።

«ዛሬስ ስንት አገኘልን?» አለች እናቷ ከጓዳ። «ነገ እኮ ሐኪሟ ጋ ነን! አጎትሽ ሲደውል፣ ኧረ ተሽሎታል አልኩት።»

ሬዲዮ እስክሪብቶውን አነሳች። ወረቀቱን እንደ ትናንቱ ብትሞላው ማን ያውቅባታል? እናቷ ቢያንስ ዛሬን ደስ ብሏት ታድራለች። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ እስቲ ነይ ቁጭ በይ።»

እናቷ እርጥብ እጇን እየጠረገች ገባች። «ምነው ልጄ?»

«ሁለት ነው። ከሠላሳ አንዱ ሁለት።» ካርዶቹን ወደ እናቷ ገፋ አደረገች። «ሌላውን ሁሉ እኔ ነኝ ስነግረው የነበረው።»

እናቷ ወንበሩን ሳትስብ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። አባቷ አንዴ ልጁን አንዴ ሚስቱን አየና ፈገግ አለ፤ ፈተናውን ያለፈ መስሎት ነበር።