ጋሻዎቹ ያለቀሱበት ክረምት

በሰመርታ መንግሥት፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ በከረመበት በዚያ ዓመት፣ በጋሻ ቤቱ አዳራሽ የተሰቀሉት አዳዲስ ጋሻዎች አለቀሱ። ጣራው አፍስሶ ባደረበት ማግስት ከእያንዳንዱ ጋሻ ጥቁር እንባ ሲንጠባጠብ ተገኘ። አገሬው ጉድ ብሎ ጎረፈ። እናቶች እንባውን በጣታቸው እየነኩ ግንባራቸውን ቀቡ። የጋሻ ቤቱ አዛዥ ድብነህም ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «በእቶን በር ለወደቁት ልጆቻችን እያለቀሱ ነው» አለ። ሕዝቡም አብሮት አለቀሰ።

ንጋቷ ብቻ አላለቀሰችም።

ንጋቷ በዚያ ቤት ቆዳ ስትፍቅ ያደገች ናት። እንግዲህ ልጆቼ፣ በእቶን በር ከተራራው ስንጥቅ የሚወጣ ቀርሞት የሚሉት እሳት ተፊ አውሬ አለ። እሱን የሚመክተው ጉምዛ ከተባለው የወንዝ እንስሳ ቆዳ የተሠራ ጋሻ ብቻ ነው፤ የጉምዛን ቆዳ እሳት አይበላውም። ጥቁረቱም የተፈጥሮው ነው፤ ውሃ ቢወርድበት አይለቅም። ሠራተኞቹ ጉምዛውን ፍቀው ያስረክባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ አዛዡ በሚቆልፈው ቤት ነው። ንጋቷ እንባውን በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ጥላሸትና ሙጫ ነበር። ከሥሩ ያለው የጥጃ ቆዳ ነው። ጉምዛው በጓሮ በር ወጥቶ ተሽጧል ማለት ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ እነዚያን ጋሻዎች ይዘው ከሚዘምቱት አንዱ ታናሽ ወንድሟ በልሁ ነበር።

አጠገቧ ለሚፍቀው ለደርሶ ነገረችው። ደርሶ ከበር ጎንበስ ሳይል የማይገባ ረጅም ሰው ነው፤ ቤቱ ሁሉ መሰላል ይለዋል።

«አያ ደርሶ፣ አይተሃል?»

«አላየሁም። እኔ ከላይ ነኝ፤ ታች ያለው አይታየኝም።»

«አትቀልድ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ደግሞስ ስንገባ ምን ብለን ማልን? ‹የቤቱን ነገር ከቤቱ ያወጣ ምላሱ ይድረቅ› አላልንም?»

«ብለናል። በልሁስ ምን ብሎ ይሙት?»

በልሁ በሕፃንነቱ በደርሶ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ነው አገር ያየው። ደርሶ መፋቂያውን አስቀመጠ።

«ዋርካው ሩቅ ነው» አለ።

በነገሥታቱ ከተማ አደባባይ የከለላው ዋርካ የሚባል ዛፍ ነበረ። የመጀመሪያው ንጉሥ ከሥሩ ቆሞ እንዲህ ሲል ምሎ ነበር፦ «በዚህ ጥላ ሥር ሆኖ የተሰወረ በደል የሚናገረውን ሰው ሰይፍ አይንካው፤ ሰንሰለት አይያዘው፤ ንጉሥም መጥቶ ሳይሰማው አይደር።» ንጋቷ አንዱን አልቃሽ ጋሻ በሸማዋ ጠቅልላ፣ ከደርሶ ጋር ወጣች።

አውራ ጎዳናው የአዛዡ ዘበኞች ነበሩበትና በረግረጉ በኩል ሄዱ። በዚያ ጉም ውስጥ የሚኖረው መንፈስ ዝም የሚያሰኝህን ሰው ድምፅ ይዞ ይጣራል፤ የመለሰለት ይሰምጣል። ንጋቷን በሟች እናቷ ድምፅ ጠራት። «ንጋቷዬ፣ ተይ ልጄ። ስንቱ አይቶ አልፏል። አንቺን ማን ሾመሽ?» እናቷ በሕይወት ሳለች እውነትም እንዲህ ነበር የምትላት። ንጋቷ የጋሻውን ጠፍር በጥርሷ ነክሳ አለፈች። ደርሶ የሰማው የልጆቹን ድምፅ ነበር። እንባው እየወረደ እጇን ይዞ ጎተታት።

ረፋድ ላይ አደባባዩ ደርሰው ቀና ሲሉ ግን ክው አሉ። ዋርካው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቀርቶታል። ሹማምንቱ በየዓመቱ ለበዓል ማስጌጫ እያሉ ሲቆርጡት ኖረዋል፤ ዛፉ ቆሞ ስለሚታይ ጥላው ማለቁን ልብ ያለ አልነበረም።

በቀረችው ጥላ ተጠጋግተው ቆሙና ከግንዱ ላይ የተንጠለጠለውን ነጋሪት መቱ። ከቤተ መንግሥት «ጃንሆይ ማዕድ ላይ ናቸው» የሚል መልስ መጣ። የጋሻውን መጉደል አይቶ በፈረስ የተከተላቸው አዛዥ ድብነህ ቀስተኞቹን አስከትሎ ደረሰ። ወንበር አስመጣ፤ ጃንጥላ አስያዘና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ፀሐይዋ ወደ አናት ስትወጣ የዋርካው ጥላ ይሰበሰባል፤ እሱ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

«ልጄ፣ ፀሐይ በረታ» አላት በለሆሳስ። «ነይ ወደ ቤትሽ። ያጎደልኩብሽ ነገር አለ? አንተስ መሰላል፣ ልጆችህን ለማን አደራ ሰጠህ?»

«ለእርስዎ አልሰጠሁም» አለ ደርሶ።

ጥላዋ ጠበበች። የደርሶ እግር ፀሐይ ላይ ወጣ።

«አያ ደርሶ፣ ተጠጋ» አለች ንጋቷ።

«ብጠጋስ? ይቺ ለአንዳችንም አትበቃም። ዕድሜ ልኬን መሰላል ስትሉኝ ኖራችኋል፤ እስቲ ዛሬ ልውጣ።»

ሳትይዘው ግንዱ ላይ ወጣ። በዚያች ቅርንጫፍ ጫፍ ራሱን በመቀነቱ ጥፍር አድርጎ አሰረና ጋቢውን በሁለት እጁ ዘረጋው። በንጋቷ ራስ ላይ ሰፊ ጥላ ወደቀ።

ሕጉ ከጥላው ሥር ያለውን እንጂ ጥላ የሚሰጠውን አይጠብቅም። አዛዡ ጣቱን አነሳ። የመጀመሪያው ፍላጻ ጎኑን፣ ሁለተኛው ደረቱን አገኘው። ጋቢው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወረደም። ንጋቷ ወደ ላይ ልታይ ስትል፣ «አትይኝ» አላት ከላይ። «ፊት ፊትሽን እይ። መጡ።»

ንጉሥ ተላሜ ነጋሪቱን ሰምቶ በተሰበሰበው ሕዝብ ጫጫታ ተስበው ብቅ አሉ። አዛዡ ከወንበሩ ተነስቶ፣ «ጃንሆይ፣ ጥላው የሰው ነው፤ የዋርካው አይደለም። ይህች ልጅ ከለላ የላትም» አለ። ንጉሡ ቀና ብለው የታሰረውን ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

«ቅርንጫፉን ማን ቆረጠው?» ሲሉ ጠየቁ። ዓይናቸውንም በሹማምንቱ ላይ አሳረፉ። «እንግዲያው በቅርንጫፉ ቦታ የቆመ፣ ቅርንጫፍ ነው። ተናገሪ።»

ንጋቷ ጋሻውን ከመሬት አኑራ ከቅሏ ውሃ አፈሰሰችበት። ጥቁሩ እንባ ወረደ፤ ከሥሩ የጥጃ ቆዳ ነጣ ብሎ ታየ። ከላይ የሚንጠባጠበው ደምም አብሮ ወረደበት።

«ጃንሆይ፣ ምላሴ ይድረቅ ብዬ ምዬ ነበር፤ ይድረቅ። ጋሻ አያለቅስም። ይህ ጥላሸት ነው። ጉምዛው ተሽጧል፤ በእቶን በር የተቃጠሉት ልጆች ይህንኑ ይዘው ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ወንድሜ ሊሄድ ነው። የእነዚህም እናቶች ልጆች ሊሄዱ ነው።»

በጋሻ ቤቱ ግንባሯን በዚያ እንባ የቀባች አንዲት እናት ጥቁሩን በቀሚሷ ጫፍ ማሸት ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት።

አዛዡ ዕለቱን በሰንሰለት ወረደ። ጉምዛው ከነጋዴዎቹ ጎተራ ተመለሰ፤ በልሁም በእውነተኛ ጋሻ ዘምቶ፣ ቀርሞት ወደ ስንጥቁ ተገፍቶ፣ በሕይወቱ መጣ። ደርሶን ግን ከቅርንጫፉ ሲፈቱት እጆቹ አልታጠፍ ብለው ነበር።

ንጋቷ ልጆቹን ወስዳ እያሳደገች ወደ ጋሻ ቤቱ ተመለሰች። ምላሷ አልደረቀም። ጓደኞቿ ግን ለብዙ ጊዜ እሷ ስትገባ ጨዋታቸውን ያቆሙ ነበር።

ዋርካ ቶሎ አያድግም። ስለዚህ ንጋቷ የዚያን ጋቢ ቀዳዳ ሰፋችው፤ በንጉሡም ትእዛዝ ከዛፉ ላይ ተዘረጋ። አንድ ቀን ልትጠግነው ስትወጣ፣ ከመንግሥቱ እህል ጎተራ የመጣች ሴት አንድ ነገር በሸማዋ ሸሽጋ አደባባዩ ዳር ቆማ አየቻት። ትጠጋለች፤ ትመለሳለች።

ንጋቷ ስሟን አልጠየቀቻትም። ፀሐይዋን አይታ የጋቢውን ጫፍ ወደ ሴትዮዋ ሳበችውና አጥብቃ ያዘችው።

«ግቢ እናቴ» አለቻት። «ለሁለት ይበቃል።»