ጨው የሌለው ሾርባ

የሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሴት ከክቡ ጠረጴዛ ሥር በጎኗ ተኝታ ነበር። ከምግብ ቤቱ ሰዎች አንዱ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ጣል አድርጎባታል፤ ልብሱ ስላጠራት ግን እግሮቿ ውጭ ቀርተዋል። የጫማዋ ተረከዝ ተበልቶ ወደ አንድ ወገን አጋድሏል። መርማሪዋ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ይህን ነው። ቀኑን ሙሉ በእግሯ የምትውል፣ ለራሷ ጫማ የምታሠራበት ጊዜ እንኳ የሌላት ሴት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ገለባውን ከፍሬው ስትለይ ኖራለች። ስሙን ያወጡላት ሊያሞግሷት ነበር፤ እሷ ግን ከሁሉም ማጣራት በኋላ እጇ ላይ የሚቀረው ገለባው መሆኑን ካወቀች ቆይታለች።

ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ነው። ሌሎቹ በላተኞች ተበትነዋል። የቀሩት የአንድ ጠረጴዛ ሰዎች ናቸው። የሟች ታናሽ ወንድም የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ ጣቶቹን ያፍተለትላል። ሚስቱ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ሦስተኛዋ የሟች የልጅነት ጓደኛ ስትሆን የራሷ መድኃኒት ቤት አላት። በልቅሶ ብዛት ዓይኖቿ አብጠዋል። አራተኛዋ የሟች እናት ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አእምሯቸው መርሳት ከጀመረ አምስት ዓመት አልፎታል። ልጃቸው እግራቸው ሥር ተዘርራ እሳቸው በሻርፓቸው ጫፍ ማንኪያ ይወለውሉ ነበር። ነጩ ሻርፕ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ።

ቤተሰቡ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ እዚህ ምሳ ይበላል። እናትየው የሚኖሩት ከሟች ጋር ስለሆነ፣ ወንድምየውና ጓደኛዋ እናትና ልጅን የሚያገኟቸው በዚህች ምሳ ላይ ብቻ ነበር።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ልቧ ነው አለ፤ ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ግን የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። በደሟ ውስጥ የልብ መድኃኒት ተገኝቷል፣ ያውም አንድ በሽተኛ በወር የሚውጠውን ያህል። ከቦርሳዋ የወጣው የታጠፈ ባዶ ወረቀትም ያንኑ ነጭ ብናኝ ይዟል። መድኃኒቱ የታዘዘው ለእናትየው ነበር።

ወንፊት ሰዎቹን አንድ በአንድ አስጠርታ አነጋገረቻቸው። መሐንዲሱ እህቱን «እትዬ» እያለ ነው የሚጠራት። እትዬ ጠላት እንዳልነበራት፣ ጥፋቱ የወጥ ቤቱ እንደሆነ ተናገረ፤ ምግብ አብሳዩ ለምን እስካሁን እንዳልታሰረም ጠየቀ። ሚስቱ በበኩሏ ማንም ሳይጠይቃት ስለ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ አንድ ብቻ እንደነበር አስታወሰች። ጓደኛየዋ መዝገቧን ራሷ ይዛ መጣች። የአንድ ወር መድኃኒት ባለፈው ረቡዕ ለሟች በእጇ ሰጥታታለች፤ ከእሷ ቤት መውጣቱን አልካደችም።

ወንፊት ሦስቱንም የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ ምግቡ እስኪመጣ ምን አወራችሁ?

መሐንዲሱ «የተለመደ ወሬ» አለ። ሚስቱም «የተለመደ ወሬ» አለች። ጓደኛየዋም እንዲሁ፣ እሷ ግን ወለሉን እያየች።

ይህ መርማሪዋን አላስደሰታትም። ሰው እውነቱን ሲናገር አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳል፣ ይለያያል። ቃል በቃል የሚገጥመው አንድ ነገር ሊሸፍን ሲስማማ ነው።

አስተናጋጁን ያነጋገረችው እዚያው ሥራ ቦታው ላይ ነው። ጸጉሩ የሸበተ፣ በዚህ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለ ሰው ነው።

«እናትየው የሚበሉት ለብቻ ነው» አላት። «የድንች ሾርባ፣ ያለ ጨው። እንዳልሳሳት በሰማያዊ ሳህን ነው የማቀርበው። ለሌሎቹ ቲማቲም፣ በነጭ ሳህን።»

«መድኃኒታቸውንስ?»

«ልጃቸው ናት ሾርባው ላይ የምትበትንላቸው፤ ክኒን ሲሰጧቸው ይተፉታል። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። እሑድም በተነች፣ አማሰለች፣ ከዚያ ወደ ውጭ ወጣች። በመስታወቱ አየኋት፤ ጀርባዋን ሰጥታን መንገዱ ዳር ቆማ ነበር። ስልክ የምታወራ መስሎኝ ነበር፣ ስልኳ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው።»

«ሌሎቹስ?»

መሐንዲሱ ከሥራ ተደውሎለት በረንዳ ላይ እንደነበር፣ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ፎቶግራፍ አብረው ሲያዩ እንደነበር ነገራት። እናትየውን ማንም አላያቸውም። እሳቸውን የሚያይ ሰው ድሮም አንድ ብቻ ነበር።

«ሳህኖቹን ሲያነሱ ሰማያዊው ማን ፊት ነበር?»

አስተናጋጁ የያዘውን ፎጣ አጣጠፈ። «ልጃቸው ፊት» አለ በመጨረሻ። «ከውጭ ስትመለስ እሷ ቦታ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የተሳሳትኩ መስሎኝ ልለውጥልሽ ወይ አልኳት። ተወው አለችኝ።»

በማግስቱ ወንፊት የሟችን ቤት ከፍታ ገባች። ሁለት ክፍል ነው። የምድጃው መክፈቻ ቁልፎች ተነቅለው ከፍ ያለ ሚስማር ላይ በክር ተንጠልጥለዋል። የእናትየው መኝታ ቤት መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነው። የልጅየዋ ፍራሽ እዚያው ደፍ ላይ ተዘርግቷል፤ እናት ከወጡ ልጃቸውን ረግጠው ነው የሚወጡት። ወጥ ቤት ውስጥ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ባዶውን ታጥቦ ተደፍቷል። አጠገቡ ያለው ማንኪያ ጀርባው ላይ ነጭ ብናኝ ቀርቶበታል።

ከበሩ ኋላ አንድ ሻንጣ ቆሟል። ከፈተችው። የአሮጊት ልብስ ነው፣ ለአንድ ወር የሚበቃ፣ ሁሉም ተተኩሶ የታጠፈ። ከላይ በእጅ የተጻፈ አራት ገጽ ወረቀት አለ። ወንፊት ቆማ አነበበችው።

«ገላዋን ስታጥቧት ከእግሯ ጀምሩ፤ ውሃ ከላይ ሲመጣባት ትፈራለች። መስታወቱን ሸፍኑት፤ ውስጡ ያለችውን ሴት አታውቃትም። ሌሊት ስትነሳ አትቆጧት፣ እጇን ያዟትና አብራችሁ ዙሩ። ምግብ ስታቀርቡ መጀመሪያ እናንተ ቅመሱ። ሌላው ሳይበላ አትበላም፤ ያልበላ ሰው አለ ብላ ካሰበች የራሷን ታነሳለታለች።»

መርማሪዋ ወረቀቱን አጥፋ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁሉ ነገር ገብቷታል፤ ባይገባት ግን በወደደች።

ሐሙስ ምግብ ቤቱ ከምሳ በኋላ ሲዘጋ ሁሉንም እዚያው ክብ ጠረጴዛ ላይ ሰበሰበቻቸው። እናትየውን የሚጠብቅ ሰው ስላልተገኘ እሳቸውም መጥተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። አስተናጋጁ ቆሞ ቀረ።

«ከሻርፑ ልጀምር» አለች ወንፊት። «እሑድ ዕለት የእናታችሁ ሻርፕ ላይ የቲማቲም ሾርባ ነበር። እሳቸው የሚቀርብላቸው ድንች ነው። ሰማያዊው ሳህን ደግሞ ሟች ፊት ባዶውን ተገኘ። እናትና ልጅ ሾርባ ተለዋውጠዋል። መድኃኒቱ የተበተነው ሰማያዊው ላይ ነበርና እንዲሞቱ የታሰቡት እናታችሁ ናቸው።»

መሐንዲሱ ብድግ አለ። እማዬን ማን፣ ለምን ብሎ ጀመረና የሚስቱን ዓይን ተከትሎ ወደ መድኃኒት ቤቷ ባለቤት ዞረ።

«እሷ አይደለችም፤ ይቀመጡ። ያ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ከቀረበ በኋላ አንዳች ነገር የጨመረችበት አንድ እጅ ናት። ስትበትን ሁላችሁም አይታችኋታል። በየወሩ ስለምታዩት ማንኛችሁም ልብ አላላችሁትም።»

 መሐንዲሱ በቀስታ «እትዬ ይህን አታደርግም» አለ። «አምስት ዓመት አዝላት የኖረች ሰው ናት።»

«አምስት ዓመት» አለች ወንፊት። «ለምን ታዲያ በዚህ እሑድ? መልሱን ያገኘሁት ከሻንጣው ነው። የእናታችሁን ልብስ ተኩሳ አዘጋጅታ ነበር፤ እንዴት እንደሚያዙም አራት ገጽ ጽፋለች። ሊሞት ነው ለተባለ ሰው ማንም ሻንጣ አያዘጋጅም። ሁለቱንም ነው ያዘጋጀችው። ሻንጣው እሺ ከተባለች፣ ዱቄቱ እምቢ ከተባለች። አሁን ምን እንዳወራችሁ ንገሩኝ።»

መጀመሪያ የተሰበረችው ጓደኛየዋ ናት።

«አንድ ወር አለችን» አለች። «አንድ ወር ብቻ ያዙልኝ፣ እኔ አንድ ወር ልተኛ አለች። እየሳቀች ነው የጠየቀችው። እኔ ክረምቱ ይለፍ አልኳት።»

ሚስትየዋ የፈተና ሰሞን መሆኑን አንስታ እንደነበር ተናገረች፤ በሚቀጥለው ዓመት እናያለን ብላታለች። መሐንዲሱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር። እሱ ያላት ሌላ ነው። አንቺ ስለለመድሽው ይቀልሻል ነው ያላት። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ሾርባው መጣ፤ የወሬው ርዕስ ተለወጠ።

«በተነችና ወጣች» አለች ወንፊት፣ «ቆማ ማየት አልቻለችማ። በልተው ይጨርሳሉ ብላ የገመተችውን ያህል ውጭ ቆየች። እናታችሁ ግን አልበሉም። ሌላው ሳይቀምስ አይበሉም፤ ያልበላ ሰው ካለ የራሳቸውን ያነሱለታል። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፣ በዚያች ሰዓት ግን ዘነጋችው። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ልጃቸው ሳትበላ የወጣች መሰላቸው። ሰማያዊውን እሷ ቦታ ላይ አኖሩላት፣ የእሷን ነጭ ሳህን ወሰዱ።»

«እና ሳታውቅ በላችው» አለች ሚስትየዋ።

ወንፊት ዓመታት ሙሉ ሰው ፊት የማይነገር ነገር ስትናገር ኖራለች፤ ይህን ግን ባትናገረው በወደደች። ወደ አስተናጋጁ ዞረች።

«ተወው ብቻ ነው ያለችዎት? ቃል በቃል ይንገሩኝ።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቆማ ሳህኑን አየችው። አንድ ጊዜ እናቷን፣ አንድ ጊዜ ሳህኑን። ልለውጥልሽ ስላት፣ ተወው፣ እማዬ ናት የሰጠችኝ አለች። ከዚያ ተቀምጣ በላች። በዳቦ ጠርጋ ነው የጨረሰችው።»

«ሳህኑ ሰማያዊ ነው፤ ሾርባው ነጭ፣ የእሷ ቀይ» አለች ወንፊት። «ልትሳሳት አትችልም። ከበላች በኋላ ሁለት ሰዓት አብራችሁ ተቀምጣለች። የእናቷን ዓሣ እሾህ ለቅማለች። ለማናችሁም አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ እናንተም ምን ሆነሻል አላላችኋትም።»

ሚስትየዋ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው። «ታዲያ የሚታሰረው ማን ነው?» አለች።

«ማንም። የገደለችውም የሞተችውም አንድ ሰው ናት። መዝገቡ ይዘጋል።»

ወንበሮቹ ተንቀሳቀሱ። እናትየው ሰው ሲነሳ አይተው ተነሱና በሩን፣ መስኮቱን፣ የሁሉንም ፊት እየዞሩ ተመለከቱ።

«ልጄ የታለች?» አሉ።

ከእሑድ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተነገራቸው ማንም አልቆጠረም። በነገሯቸው ቁጥር እንደ አዲስ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። መሐንዲሱ ክንዳቸውን ያዘ።

«ቀድማን ሄዳለች እማዬ።»

«ሳትበላ?»

 «በልታለች» አላቸው። «እንሂድ።»

በረንዳው ላይ ሦስቱ ቆመው ሲነጋገሩ ወንፊት በመስታወቱ አየቻቸው። ድምፃቸው አይሰማም። ጓደኛየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ሚስትየዋ ሰዓቷን አየች። እናትየው መሐላቸው ቆመው ተራ በተራ ይመለከቷቸዋል። በመጨረሻ መሐንዲሱ የመኪናውን በር ከፈተ።

ከሁለት ወር በኋላ ወንፊት ቢሮ ስልክ ተደወለ። መሐንዲሱ ነው። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወደ እናቷ ቤት መሄዷን፣ እሱም ሥራውን መልቀቁን ነገራት። እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚይዝ ቤት ታውቂ እንደሆነ ብዬ ነው አላት፤ ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው። ወንፊት ሁለት ቀን ስታጠያይቅ ሰነበተች። አንዱ ቤት ተዘግቷል፤ ሌላው የሚንቀሳቀስ በሽተኛ አይቀበልም፤ ሦስተኛው ተራው አራት ዓመት ነው። መልሳ ደውላ ይህንኑ ነገረችው። አመሰገናት። ከጀርባው አንዲት አሮጊት የአንድ ሰው ስም ደጋግመው ሲጠሩ ይሰማል። መሐንዲሱ ደህና ዋዪ ሳይል ስልኩን ዘጋው።