የገመዷ ሌላኛው ጫፍ

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። እኔም ነገሩ ከደረሰበት ሰው አፍ ባልሰማው ኖሮ አላምንም ነበር። ግን የሆነ ነገር ነው። ቤቱ መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ ከእኛ ግቢ በአጥር ብቻ የሚለይ ቤት ነው። ሰዓቱም ሌሊት አይደለም...

ቀን ስድስት ሰዓት ነው።

መጋቢት ላይ መተማን ያየ ሰው ያን ሰዓት ያውቀዋል። ባጃጁ ይቆማል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከመኪናቸው ሥር ገብተው ይተኛሉ። ውሻ እንኳ አይጮህም። ቆርቆሮው ብቻ ከሙቀቱ የተነሣ ጠቅ... ጠቅ... ይላል።

ነገሩ የደረሰበት ጎረቤቴ ፈረደ ይባላል። የመኪናና የትራክተር ኤሌክትሪሺያን ነው። ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። እነዚያን በእጅ የሚያዙ የድሮ ጌሞች ይወዳል፤ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት በኩል ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተጠቅልለው የሚመጡትን፣ ሰው የጣላቸውን። ይፈታቸዋል። የባትሪ ድንጋይ ፈስሶ ያዛገውን ብረት በአቼቶና በጥርስ ብሩሽ ያጸዳል። የደበዘዘውን ስክሪን አውጥቶ ከኋላው መብራት ያለው ይገጥምለታል። አይሸጣቸውም። ሞቶ የከረመ ጌም እጁ ላይ በርቶ ድምፅ ሲያሰማ፣ እሱ ፈገግ ይላል፤ በቃ፣ የሚፈልገው ያንን ነው።

ይህን ፍቅር የጀመሩት ሁለት ሆነው ነው፤ እሱና ታናሽ ወንድሙ ትዕዛዙ። አንድ ዓይነት ግራጫ ጌም ነበራቸው። ሁለቱን የምታገናኝ፣ ክንድ የማትሞላ ገመድም ነበረቻቸው። በእሷ እየተገናኙ ጡብ የሚደረደርበትን ጨዋታ ይጋጠማሉ። እያንዳንዱ የራሱን ጡብ በራሱ ስክሪን ይደረድራል፤ በስክሪኑ ጥግ ያለች ቀጭን መስመር ደግሞ የተጋጣሚው ክምር የት እንደደረሰ ታሳያለች። ትዕዛዙ ክምሩ እስከ አንገቱ እስኪደርስ ዝም ይላል። አለቀለት ሲባል በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል። እንዲያ የሚጫወት ሌላ ሰው ፈረደ አይቶ አያውቅም።

ትዕዛዙ ለእርሻ ሥራ ወደ ገዳሪፍ ሲሻገር ጌሙን ይዞ ሄደ። ገመዷ ቤት ቀረች። ከዚያ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ተነሣ። ስልኩ ተዘጋ፤ ወሬውም ጠፋ።

እናታቸው እትዬ የዓለምወርቅ ይባላሉ። ዘመድ ሁሉ ለቅሶ እንቀመጥ ቢላቸው እንቢ አሉ። የንስሐ አባታቸውም መከሯቸው፤ አልሰሙም። ሞቷል የምትሉ አሳዩኝ አሉ። የሚያሳያቸው አልተገኘም።

በዚህ ዓመት መጋቢት ፈረደ ያቺን ገመድ ከሣጥን አወጣት። አይጥ በልቷታል። ውስጧ ያሉትን ፀጉር የሚያህሉ ሽቦዎች አንድ በአንድ እየቀጠለ መበየድ ያዘ። ምን ሊያደርግላት... ሌላኛው ጌም የለ። እንዲሁ እንዳትጠፋበት ብሎ ነው።

ብየዳው ያለቀው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አንዱን ጫፍ በራሱ ጌም ሰካ። ሌላኛው ጫፍ ጠረጴዛው ላይ፣ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ከምንም ጋር አልተያያዘም። ሽቦዋ ትሠራ እንደሆነ ለማየት ብቻ የሁለት ሰው ጨዋታውን ነካ።

ተጋጣሚ ሲያጣ መቆም ነበረበት።

ጨዋታው ጀመረ።

ሽቦ ተነካክቶ ነው ብሎ አሰበ። ጫፏን አነሣት። ደረቅ ናት፤ የነካት ነገር የለም። በስክሪኑ ጥግ ያለችው መስመር ግን ትወጣለች። ወጣች... ወጣች... እስከ አንገት ደረሰች።

ከዚያ በአንድ ጊዜ ወረደች።

ጌሙ ከፈረደ እጅ ወደቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሞከረው፤ ምንም የለም። ከሰዓት በኋላም የለም። ስድስት ሰዓት ላይ ግን አለ። ከዚያ ወዲያ ሥራውን እየተወ ለዚያ ሰዓት ቤት ይመጣ ጀመር። ለእናቱ አልነገራቸውም። ለራሱ ግን ጣት ያለው ሰው ነው የሚጫወተው ይል ነበር። የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው... በሕይወት አለ።

ቀጥሎ ጥቃቅን ነገሮች መጡ።

አንድ ቀን ገመዷን ሲያነሣ ሌላኛው ጫፏ ሞቋል። ሰው እጁ ውስጥ ጨብጧት የቆየ ይመስላል።

ሌላ ቀን በብረት ጥርሶቿ መካከል አፈር አገኘ። ጥቁር ዋልካ፣ የሰሊጥ ማሳ አፈር። በመርፌ ፈልፍሎ አወጣው። ገመዷን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈባት። በማግስቱ ሲከፍት እንደገና አፈር ሞልቷታል።

እርጥብ አፈር ነው። በዚያ ወር መተማ ላይ ጠብታ ዝናብ የለም።

መስመሯም ተለወጠች። መጀመሪያ ዘገየች። ከዚያ ማፍረሱ ቀረ። ትወጣለች፣ ትሞላለች፣ ተጋጣሚው ይሸነፋል። ፈረደ እንደገና ያስጀምራል። ያው ነው። ማንም ቁልፍ አይነካም፤ ጡቡ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ፈረደ አውቆ መሸነፍ ፈለገ፤ አንዴ እንኳ ወንድሙ እንዲያሸንፍ። እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ተቀመጠ። ሁለቱ ክምሮች፣ የእሱም የዚያኛውም፣ ማንም ሳይነካቸው እኩል እየወጡ ሄዱ...

"ከማን ጋር ነው?"

እናቱ ከኋላው ቆመዋል። ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው።

እሳቸው ገመዷን በዓይናቸው ተከትለው ጫፏ ላይ ደረሱ። ምንም እንዳልተሰካባት አዩ። አጠገቡ ቁጭ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

"ስጠኝ።"

ሰጣቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት የእሳቸው ሆነ። መጫወት አይችሉም። ጌሙን ጭናቸው ላይ አድርገው መስመሯን ያያሉ፤ ስትሞላ ፈረደ ያስጀምርላቸዋል። እህል መቅመስ እየተዉ ሄዱ። የለቅሶን ነገር የሚያነሣ ዘመድ ሲመጣ ድሮ ይቆጡ ነበር፤ አሁን ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ። ፈረደን ከአፈሩም ከሙቀቱም በላይ ያስፈራው ያ ፈገግታ ነው።

በዚህ መሀል ያረጋል ከሱዳን ተመለሰ። ያረጋል አብሮ አደጋቸው ነው፤ ከትዕዛዙ ጋር በአንድ ቀን የተሻገረ። ወደ ቤት አልመጣም። ሰው ልኮ ፈረደን ወደ ገበያው አጠገብ አስጠራው። ከአንድ ራኩባ፣ ከሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ያረጋል ሁሉንም ቀስ ብሎ ነገረው። ጦርነቱ በተነሣ በመጀመሪያው ክረምት ትዕዛዙን ትኩሳት ያዘው አለ። መድኃኒት የሚገኝበት ቦታ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። እርሻው ዳር፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ብቻውን ቀበረው። መንገዱ ተከፍቶለት እንኳ ቶሎ ያልመጣው እትዬ የዓለምወርቅን ዓይን ለዓይን ማየት ፈርቶ ነው።

ፈረደ አላለቀሰም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"ጌሙስ?"

"ኪሱ ውስጥ ነበር። አብሮት ገባ።"

"ይሠራል?"

ያረጋል መሬት መሬቱን አየ።

"ድንጋይ የለውም... እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ለእጅ ባትሪዬ። መሽቶ ነበር። ስቀብረው የማይበት አልነበረኝም።"

ፈረደ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሊሆን ነው።

በባዶው መንገድ ሮጠ። እየሮጠ ሁሉንም ወሰነ። ለእናቱ ይነግራቸዋል። ገመዷን በፒንሳ ይቆርጣል። ጎረቤት ይጠራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ እንደ ሰው ለቅሶ ይቀመጣሉ።

በሩ ገርበብ ብሏል። እናቱ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጌሙ ጭናቸው ላይ በርቷል።

ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም።

የቤቱ ወለል ያው ዋልካ ነው። በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ገመዷ ከእናቱ ጭን ወርዳ፣ ወለሉን አቋርጣ፣ ከአልጋው ሥር ያለው ስንጥቅ ውስጥ ገብታለች።

ተወጥራለች።

"እማዬ" አለ ፈረደ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ትዕዛዙ ሞቷል። ያረጋል ነው የቀበረው።"

"አውቃለሁ" አሉት። ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሡም።

ፒንሳውን አውጥቶ ተንበረከከ። የፒንሳውን አፍ ከፍቶ ገመዷ ላይ አሳረፈው። መጨበጥ ግን አቃተው። ፒንሳውን ጥሎ ገመዷን ያዛት፤ ሳባት።

መጣች። በቀላሉ መጣች።

ክንድ አለፈች። ሳበ። ጉልበቱ ሥር መጠቅለል ጀመረች። ትሞቃለች፤ ጭቃ ለውሷታል። ሳበ። እሱ የበየደበት ቦታ ካለፈ ቆየ፤ ከዚያ በታች ያለው ገመድ ቅጥያ የለውም። ሳበ። ክምሩ የአልጋውን እግር ሸፈነ። አሁንም ትመጣለች...

ከዚያ ከበደች።

ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ እንደሚሳብ ባልዲ ነው የከበደችው። ከታች የተንጠለጠለ ነገር አለ። እየተወዛወዘ፣ የስንጥቁን ግድግዳ እየታከከ፣ ቀስ እያለ ይወጣል።

እናቱ ጌሙን መሬት ላይ አስቀመጡ። ወደ እሱ ተጠጉ። እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉና ጆሮው ሥር ሹክ አሉት።

"ቀስ በል... እንዳያመው።"