ከቅርፊቱ ሥር የተኙት

ራሱን መከላከል በማይችል ፍጥረት ላይ የሚጨክን ሰው፣ ጭካኔው አንድ ቀን የገዛ ሥጋውን ይጠይቀዋል።

ይህን የምለው ለመስበክ ብዬ አይደለም። በዐይኔ አይቼዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሥነ ምግባር ያስተማርሁ ሰው ነኝና፣ በእርጅናዬ ዋሽቼ የማተርፈው ነገር የለም።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ቦታው ሥራ ካቆመ የሰነባበተ የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ።

ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ግንዶቹ ሁሉ ውርጭ ለብሰዋል።

ታናሽ ወንድሜ ፎቶ አንሺ ነው። የሚያነሣው ግን ሰው ሳይሆን ጥቃቅን ነፍሳትን ነው። የጉንዳንን ዐይን የሰሐን ያህል አጉልቶ የሚያሳይ ሌንስ አለው። በብርድ ወራት ደግሞ ነፍሳት አይገኙም። የሚሠራበት ተቋም «እስከ ዓርብ ለዐውደ ርዕዩ አዲስ ፎቶ ካላመጣህ ቦታህን ለሌላ እንሰጣለን» ብሎታል።

ስለዚህ የተኙትን ፍለጋ መጣን። እኔ መብራት ያዥ ሆኜ።

የግቢው ዘበኛ በሩን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አየን።

«በዚህ ብርድ እዚህ ግቢ ፎቶ የሚነሣ ነገር ቢኖር የእኔ አፍንጫ ነው» አለ።

«ከግንድ ቅርፊት ሥር የሚተኙ ነፍሳት አሉ፣ አባባ» አለው ወንድሜ።

የሽማግሌው ፈገግታ ጠፋ።

«ዳር ዳሩን ፈልጉ። መሀል ያለውን ትልቁን ግንድ ተዉት።»

«ምን ሆኖ?»

«ውርጭ አይዝበትም።»

እውነትም... ያ ግንድ ብቻውን ጥቁርና ደረቅ ነበር።

ለእልኸኛ ሰው «ተው» ማለት «ግፋ» ማለት ነው። ወንድሜ በቀጥታ ወደ እርሱ ሄደ። ቢላውን ከቅርፊቱ ሥር አስገብቶ ፈነቀለው።

ሞቅ ያለ አየር ፊቴን ነካኝ። እንደ ሰው ትንፋሽ...

ጥቋቁር ጢንዚዛዎች በረድፍ ተኝተዋል። ሁሉም ራሳቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል።

ወደ እኛ።

«ጋሼ፣ መብራቱን ዝቅ ያድርጉልኝ» አለ በሹክሹክታ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

የሙያውን ነገር ልንገራችሁ። ሌንሱ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያሳየው የፀጉር ውፍረት ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ቅንጣት ታህል እያስጠጋ አርባ ፎቶ ያነሣል፤ ኋላም በኮምፒውተር አንድ ያደርጋቸዋል። በመካከሉ ጢንዚዛው እግሩን እንኳ ቢያነቃንቅ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ወንድሜ ሦስት መርፌ አወጣ።

«ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው እኮ» አልሁት።

«መብራቱ ሲያሞቀው ይነቃል። ልቸንክረው።»

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። መብራቱን ጥዬ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድሁም። ያዝሁለት።

የመጀመሪያውን መርፌ በአንዱ ጢንዚዛ ጀርባ ሰካው።

ጢንዚዛው አልተንቀሳቀሰም። ወንድሜ ግን ግንዱን የተደገፈበትን ግራ እጁን አንሥቶ መዳፉን አየ። ትንሽ ቀይ ነጥብ...

«እሾህ ነው» ብሎ እጁን መለሰው።

ሁለተኛውን ሰካ። የእጁ አንጓ ላይ ደም ወጣ።

«ይኼ እሾህ እጅጌ ውስጥም ይገባል?»

«ዝም ይበሉ ጋሼ። ግንዱ ይነቃነቃል።»

ሦስተኛውን ሰካ። የሹራቡ ክንድ ቀላ።

ማንሣት ጀመረ።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ደሙ ግንዱ ላይ ይንጠባጠባል። ግንዱ ላይ ግን ምልክት አይታይም። ይጠጣዋል።

በሠላሳ አንደኛው ላይ ቆመ።

«ጋሼ... እጄ አልነሣ አለኝ።»

«መርፌዎቹን ልንቀላቸው።»

«አይንኩ። ዘጠኝ ቀርቶኛል።»

«እጅህ እኮ ነው።»

«ሥራዬም እኮ ነው።»

ወደ መርፌው እጄን ስዘረጋ በእግሩ ደረቴን መታኝ። በዕድሜው ሙሉ ቀና ብሎ አይቶኝ የማያውቅ ልጅ... መታኝ።

ቀጭ... ቀጭ...

አርባ።

ያን ጊዜ ጢንዚዛው ተነሣ። መርፌዎቹን በቆሙበት ትቶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ራመድ ራመድ አለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ከዚያ ድምፁ መጣ። መዶሻ ሚስማር ሲመታ የሚሰማው ዓይነት።

ዱም።

የወንድሜ መዳፍ ግንዱ ውስጥ ሰመጠ። ጣቶቹ ወደ ላይ ተሰበሩ።

ዱም።

አንጓው ተሰነጠቀ። ነጭ አጥንት አየሁ።

ዱም።

ጩኸቱን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። መቺው ግን አይታይም ነበር።

ዘበኛው ዲጂኖ ይዞ እየሮጠ መጣ። አንድም ቃል አልጠየቀም።

«እርስዎ ወገቡን ይያዙ። ዐይንዎን ይጨፍኑ።»

ፈንቅለን አላቀቅነው። ሙሉውን ግን አይደለም። ቆዳውና ሁለት ጣቱ ግንዱ ላይ ቀሩ።

ሐኪሞች ግራ እጁን ከክርኑ በታች ቆረጡት። በሥጋው ውስጥ ሦስት ቀጥ ያሉ ቀዳዳዎች አገኙ፤ ብረት ግን አላገኙም። በአርባዎቹ ፎቶዎች ላይ የሚታየው ባዶ እንጨት ነው። ዓርብ ዕለት ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ዘንድሮ ብርዱ እንደ ገባ ባለቤቱ ደወለችልኝ።

«ጋሼ ይምጡልኝ። አልነቃ አለኝ።»

በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መካከል ገብቶ ተኝቷል። ጉልበቱን አጥፎ፣ ዐይኑን ገልጦ። የጠራነው ሐኪም ልቡን አዳመጠ። በደቂቃ አራት ጊዜ ይመታል።

ይኸው ሦስት ሳምንቱ ነው።

ትናንት ብርድ ልብሱን ስትገልጥ፣ በተቆረጠው ክንዱ ጫፍ ላይ ቆዳውን ቀድዶ የወጣ ነገር አየን። እንደ ክር የቀጠነ፣ ጥቁር፣ መገጣጠሚያ ያለው እግር።

እግሩ ይንቀሳቀሳል። ወንድሜ አይንቀሳቀስም።

ሐኪሙ እንደ ነገረን ግን፣ ሕመሙ ሁሉ ይሰማዋል።