ነጥቧና ሳጥኑ

«አቅርቢው፤ ገና ነው። አዎ፣ እዚህ ላይ» አለ ናሆም፣ ጣቱን ከስክሪኑ ሳያነሳ። ሳቢራ ምስሉን ስታቀርበው ቀይዋ ነጥብ የኡሚ አባት የማሽላ እርሻ መሃል ላይ ቁጭ ብላ ታየች።

የሳይንስ ክበቡ ልጆች ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተደራርበው ቆመዋል። ባለፈው ሳምንት የጨፋ ረግረግ ቄጠማ ሲቃጠል ከሚሴ ከተማ ስትታፈን ሰንብታለች። መጀመሪያ ሁሉም ከአፋር በኩል የመጣ አቧራ ነው ብለው ነበር። ሳቢራ ግን የሳተላይት ምስሎቹን ከፈተችና ልዩነቱን አሳየቻቸው፤ አቧራ እንደ ቡናማ መጋረጃ ተዘርግቶ ይመጣል፣ ጭስ ግን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እየሰፋ ይሄዳል። ከዚያም ሙቀት የሚለየው ሳተላይት እሳቱ በተነሣበት ቀን ያስቀመጣትን ነጥብ አገኘች። መምህር ጌዲዮን በጣም ተደሰቱ። ነገ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ካርታውን በፕሮጀክተር እንድታሳይ ጠየቋት። ከብቶቻቸው ግጦሽ ያጡባቸው ገበሬዎች እሳቱን የለኮሰው ሰው እንዲቀጣ ይፈልጋሉ።

«ኡሚ፣ ያጨስሽን አንቺ ነሻ» አለ ናሆም። «ሳተላይት እኮ አይዋሽም።»

ልጆቹ ሳቁ። ኡሚ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሌሎቹም ሲበተኑ ሳቢራ ብቻዋን ቀረች። ከካርታው ግርጌ ያለውን ረጅም ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላነበበችውም ነበር። አሁን ቀስ ብላ አነበበችው። ሳተላይቱ መሬቱን የሚያየው በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ ነው፤ የእያንዳንዱ ሳጥን ጎን ወደ አራት መቶ ሜትር ይጠጋል። በሳጥኑ ውስጥ የትም ቦታ እሳት ቢኖር፣ ነጥቧን የሚያስቀምጣት መሃሉ ላይ ነው። ሳቢራ ፊቷ ጋለ። እሷ ነጥቧን እንደ እሳቱ ቦታ ቆጥራ ለሁሉም አሳይታለች።

ኡሚን ያገኘቻት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጣ ነው። ሁሉንም አስረዳቻት።

የኡሚ ፊት ፈካ። «በቃ፣ አባቴ አይደለም በያቸዋ።»

«እሱንም ማለት አልችልም። እሳቱ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ኡሚ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያው ነጥቧን ትንሽ ወደ ቄጠማው ግፊያት። ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ።»

«አታካብጂ፣ ሳቢራ። ወላሂ፣ ትንሽ ነው ያልኩሽ።»

«ዛሬ እኔ ከገፋኋት፣ ነገ ናሆም መልሶ ሲገፋት ምን እለዋለሁ?»

እንደተኳረፉ ተያይዘው ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ተመለሱ። ሳቢራ ነጥቧን አጠፋችና በቦታዋ ሳጥኑን በልኩ ሣለች። አገሩን በእግሯ የምታውቀው ኡሚ ናት፤ ኩርፊያዋን እየረሳች በጣቷ ታሳያት ጀመር። ይሄ የእኛ ማሽላ ነው፣ ይሄ ከብት ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚነዳበት መንገድ ነው፣ እዚህ ጋ ቄጠማው ይጀምራል። ድንገት ጣቷ በሳጥኑ ታችኛው ጥግ ላይ ቆመ።

«ይቺ የአጎትሽ የበድሩ መሬት አይደለችም?»

ሳቢራ ሳጥኑን እንደገና ለካችው። አልተሳሳተችም፤ የአጎቷ መሬት ግማሹ ውስጥ ገብቷል። አጎቷ ባለፈው ሳምንት አገዳ ሲያነድ ነበር ወይስ አልነበረም? ጠይቃው አታውቅም።

«ይህችን ጥግ ብትቆርጫትስ?» አለች ኡሚ። እየቀለደች ይሁን ከልቧ፣ ከፊቷ አይታወቅም።

ሳቢራ ጥጉን ለአፍታ አየችው። ከዚያ ካርታውን እንዳለ ሴቭ አድርጋ ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

«አጎቴ ነገ ሰው ፊት ከሚያየው ዛሬ እኔው ልንገረው» አለች። «አባትሽ ጋም እንሂድ። ነጥቧን ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

«አባቴ ይቆጣሻል።»

«ይቆጣኝ።»

ኡሚ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቀድማት በሩ ጋ ደረሰች። «ኮቱ፣ ነይ» አለቻት፣ «የመግሪብ ሰላት ሳይደርስ እንድረስባቸው።»