ያልጻፈችው መስመር

ይህን መስመር ማን ጻፈው?

አንቴና የትምህርት ቤቱ የግድግዳ መጽሔት ፊት ቆማ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። በቁመቷ ምክንያት ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት የክፍል ልጆች ከኋላዋ ይጋፋሉ። ጽሑፉ የእሷ ነው፤ ስሟም ከሥሩ በትልቁ ተጽፏል። የብየዳ ብርሃን ዓይንን እንዴት እንደሚጎዳ ለመተረክ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ተራኪዋ በዓይን ስስ ሽፋን ላይ የምትኖር አንዲት ሕዋስ ናት። «እኛ ስንቃጠል ወዲያው አንጮኽም» ትላለች ሕዋሷ። «ከሰዓታት በኋላ ስንረግፍ ነው ባለቤታችን ‹ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ› ብሎ የሚጮኸው።» ይህች እውነት መሆኗን ለማረጋገጥ አንቴና የጤና ጣቢያውን የዓይን ነርስ ሁለት ጊዜ አስቸግራለች።

የመጨረሻው መስመር ግን የእሷ አይደለም። «ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ግን ምን ገዶት! ብልጭታውን እንደ ርችት ቁጭ ብሎ ያያል።»

«አንቺ፣ ጽሑፍሽ እሳት ነው!» አለቻት የወንበር ጓደኛዋ ትከሻዋን እየመታች። «መጨረሻው ላይማ በሳቅ ሞትኩ።»

«መጨረሻውን እኔ አልጻፍኩትም።»

«ታዲያ ማን ጻፈው? ሕዋሷ?»

የመጽሔቱን አዘጋጅ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል አገኘችው፤ ጣቶቹ ላይ የደረቀ ሙጫ እየላጠ ነበር። ዋና አዘጋጅ ስለሆነ ሁሉም «ዋና» ይለዋል፤ እሱም አይጠላውም።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለ ሳያፍር። «ያንቺ እኮ ለቅሶ ቤት ሆኖ ነው ያለቀው። አንባቢ ፈገግ ብሎ መሄድ አለበት።»

«ጥቁር መነጽር ከብየዳ አያድንም! የብየዳ መስታወት ሌላ ነው። የጻፍከው ውሸት ነው።»

«ሕዋስ ታወራለች ብለሽ የጻፍሽ ልጅ ስለ ውሸት ልታስተምሪኝ?»

አንቴና ልዩነት እንዳለው ታውቃለች፤ ቃሉ ግን አልመጣላትም። ይባስ ብሎ መስመሩ ያስቃል። ለእሷ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ እንኳ እንደዚህ ያለ ቀልድ አልመጣላትም ነበር። ይህ የበለጠ አበገናት።

«አንሣው!»

«ጊዜው አልፏል። ቲቸር ገና ሳይለጠፍ ባለፈው ሳምንት ፎቶ አንሥተው ለሳይንስ ጽሑፍ ውድድሩ ልከውታል።»

የሳይንስ መምህሩን ስታገኛቸው የፈተና ወረቀት እያረሙ ነበር። ነገሩን ስትነግራቸውም ቀይ እስክሪብቷቸውን አላስቀመጡም። «አንድ መስመር እኮ ናት፣ ልጄ። ከመጨረሻዎቹ አምስት ገብተሻል! አሸናፊው ለክረምቱ የሳይንስ ጽሑፍ ሥልጠና ይሄዳል። አንቺ አይደለሽ እንዴ ዓመቱን ሙሉ ስለሱ የነዘነዝሽኝ? አሁን ስህተት አለብን ብንል ይሰርዙናል። ዝም አይነቅዝም።»

«ዓይን ቢጠፋስ፣ ቲቸር?»

«በመነጽር የሚያይ ማን አለ? አታካብጂ።»

ከትምህርት በኋላ አባቷ ብየዳ ቤት ስትደርስ የብየዳው ማሽን ጠፍቷል። አባቷ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ከአጥሩ እያባረረ ነው። ልጆቹ አንዲት ጥቁር መነጽር ለሁለት ይቀባበላሉ።

«ጋሼ፣ ምንም አይልም እኮ!» አለ አንደኛው። «ልጅዎ ናት የጻፈችው!»

አባቷ ዞሮ አያት። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻላት ነበር።

«እውነት አንቺ ነሽ?»

«ስሙ የኔ ነው። መስመሩን ግን ሌላ ሰው ነው የጨመረው፣ አባዬ።»

«እኔ የሠራሁት በር ሰው ላይ ቢወድቅ፣ ‹ማጠፊያውን የበየደው ሌላ ነው› ብል ማን ይሰማኛል?»

ማርከሯን አውጥታ ቦርሳዋን እዚያው ጣለችና ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሳ ሮጠች። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሲል ሾልካ ገባች። ከግድግዳ መጽሔቱ ላይ መስመሩን በወፍራሙ ማርከር ደመሰሰችው፤ ከጎኑም «ጥቁር መነጽር ከብየዳ ብርሃን አያድንም» ብላ ጻፈች።

«ምን እያረግሽ ነው?» ዋና ክፍሉን ቆልፎ ሲወጣ ነው ያያት። «ቲቸር ይገድሉሻል!»

«ይግደሉኛ! ስማ፣ ሕዋስ እንደማታወራ ማንም ያውቃል፤ በእሷ የተታለለ የለም። አንተን አምነው ግን ሁለት ልጆች አሁን ብየዳ ሊያዩ የአባቴ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ነበር።»

ዋና የተደመሰሰውን መስመር አየና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ።

አንቴና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። የውድድሩ አዘጋጆች ቁጥር እዚያው ከተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ አለ። ሁለት ጊዜ ጽፋ አጠፋች። በሦስተኛው እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ከመጨረሻዎቹ አምስት ጽሑፎች ስለ ብየዳ የሚያወራው የኔ ነው። የመጨረሻው መስመር ስህተት ነው፤ ሰው ይጎዳል። እባካችሁ አውጡት። እሱን ማውጣት ካልተቻለ፣ ጽሑፉን ከነስሜ ከውድድሩ አውጡት።»

ስለ ክረምቱ ሥልጠና አሰበች። ከዚያ ላከችው።

ወዲያው «ታይቷል» የሚለው ምልክት መጣ። መልስም ሆነ የሥልጠና ጥሪ ግን አልመጣም፤ ያን ቀንም፣ በሳምንቱም፣ ክረምቱ ገብቶ ካለፈም በኋላ።